መምህሩ ሲፈተን
የሕንድ ሙስሊም የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህራንና የብቃት ፈተናቸው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በቤታችን በዕድሜ ጠና ያሉ አባቶችና እናቶች ካሉ፣ «ሂሳብና እንግሊዝኛ ማን አስተማራችሁ?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ ብዙዎቹ ፈገግ ብለው የአንድ ሕንዳዊ መምህር ነገር ያነሣሉ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ሕንዳውያን መምህራን ወደ ሀገራችን መጥተው ከአዲስ አበባ እስከ ሩቅ የአውራጃ ከተሞች ድረስ አስተምረዋል። ጥቂት የማይባሉትም የኬረላ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ እነዚያ መምህራን በመጡባት ሀገር አንድ ሰው ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት የሚያልፈው ከባድ ፈተና አለ። በዚህ ዕትማችን ይህንኑ ፈተና፣ በተለይም ሙስሊም የሆኑ የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህራን እንዴት ሊዘጋጁበት እንደሚገባ ለማየት አሰብን። የመምህራን የሙያ ብቃት ምዘና ለሀገራችን መምህራንም እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ የሩቅ ወሬ ብቻ ሆኖ እንደማይቀር ተስፋ እናደርጋለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን እንድናነሣ ያደረገን አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈተናውን ሳያልፉ በሥራ ላይ በቆዩ የመጀመሪያና የመካከለኛ ደረጃ መምህራን ጉዳይ ብይን ሰጠ። ጡረታ ለመውጣት ከአምስት ዓመት በላይ የቀራቸው በሁለት ዓመት ውስጥ ፈተናውን እንዲያልፉ፣ ካላለፉ የሚገባቸውን ጥቅም ተቀብለው ከሥራ እንዲሰናበቱ አዘዘ። ከአምስት ዓመት በታች የቀራቸው እስከ ጡረታቸው በሥራቸው ይቆያሉ፤ የደረጃ ዕድገት ግን ያለ ፈተናው አያገኙም። ሃያ ዓመት ጠመኔ ይዞ የቆመ ሰው፣ ያስተማራቸው ልጆች ከሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊፈተን ነው ማለት ነው።

በዚህ ጉዳይ ይግባኝ ካሉት ወገኖች አንዱ በማሃራሽትራ ግዛት የሚገኝ የሙስሊሞች የትምህርት ማኅበር ሲሆን፣ አንጁማን ኢሻዐተ ተዕሊም ይባላል። የሕንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ የሃይማኖትና የቋንቋ ማኅበረሰቦች የራሳቸውን ትምህርት ቤት የማቋቋምና የማስተዳደር መብት ይሰጣል። በ2014 በተሰጠ ሌላ ውሳኔ፣ የ2009ኙ የትምህርት መብት ሕግ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ላይ እንደማይሠራ ተበይኖ ነበር። የ2025ቱ ችሎት ግን የ2014ቱን ውሳኔ ትክክለኛነት ተጠራጥሮ ከፍ ባለ ችሎት እንዲታይ መራው። ስለዚህም በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሙስሊም መምህር የሁለት ዓመት ገደብ ሲቆረጥለት፣ በማኅበረሰቡ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ወንድሙ ደግሞ የሌላ ብይን ጠባቂ ሆነ።

አንድ ነገር ልብ እንበል። አንቀጽ 30 በኅብረተሰብ ሳይንስ ፈተና ውስጥ ሊጠየቅ የሚችል ጥያቄ ነው። መምህሩ ሌሊት ቁጭ ብሎ የሚያጠናው አንቀጽና እንጀራው የተንጠለጠለበት አንቀጽ አንድ ሆነው ተገኙ። እኛ ከዚህ የተነሣ የምንለው፣ ብይኑ እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ ከመቀመጥ ይልቅ ግመልን አስሮ በአላህ መመካት ይሻላል ነው። ፈተናው ቢቀር እንኳ የተማሩት ኢልም አይባክንም።

ፈተናው ምንድን ነው?

የትምህርት መብት ሕጉ ከስድስት እስከ ዐሥራ አራት ዓመት ላለ ልጅ ሁሉ ነፃና ግዴታ የሆነ ትምህርት ደነገገ፤ ከኤፕሪል 2010 ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። ልጁ ይማር ከተባለ አስተማሪው ማን ይሁን የሚለው ተከታዩ ጥያቄ ነበር። ለዚህም የመምህርነት ብቃት ፈተና መጣ። ማዕከላዊው መንግሥት ከ2011 ጀምሮ የሚሰጠውን ሰዎች ባጭሩ «ሲ-ቴት» ይሉታል። ግዛቶችም የየራሳቸው ፈተና አላቸው፤ አቀራረቡ ተቀራራቢ ስለሆነ ለአንዱ የተዘጋጀ ለሌላው ባዶ እጁን አይሄድም።

ፈተናው ሁለት ወረቀት አለው። አንደኛው ወረቀት ከ1ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ለሚያስተምሩ፣ ሁለተኛው ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ለሚያስተምሩ ነው። የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህር የሚቀመጠው ለሁለተኛው ነው። በ150 ደቂቃ 150 የምርጫ ጥያቄ ይመልሳል። ለማለፍ 60 ከመቶ፣ ማለትም 90 ጥያቄ በትክክል መመለስ ያስፈልጋል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም።

ከ150ው ውስጥ 80

ብዙ ተፈታኝ የሚወድቅበትን ጉድጓድ ለማየት አንድ ትንሽ ስሌት እንሥራ። ከ150ው ጥያቄ 60ው የኅብረተሰብ ሳይንስ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የታሪክ፣ የጂኦግራፊና የማኅበራዊና ፖለቲካዊ ሕይወት ዕውቀት የሚጠይቁት 40 ብቻ ናቸው። የቀሩት 20 ያንኑ ትምህርት ለልጅ እንዴት ማስተማር እንደሚገባ ይጠይቃሉ። በዚያ ላይ 30 ጥያቄ ስለ ልጅ ዕድገትና ስለ አስተማማር ዘዴ አለ። ቋንቋ ደግሞ ሁለት ነው፤ ለእያንዳንዱ 30 ጥያቄ ሲኖር፣ ከሠላሳው 15ቱ ቋንቋን እንዴት ማስተማር እንደሚቻል ይመለከታሉ። ሃያ፣ ሠላሳ፣ ዐሥራ አምስትና ዐሥራ አምስት ሲደመሩ 80 ይሆናሉ። ከፈተናው እኩሌታ በላይ የሚሆነው ስለ ማስተማር ነው!

ይሁንና መጽሐፍ ገዝቶ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚሸመድደው የነገሥታት ዝርዝርና የጦርነት ዓመታት ነው። አርባውን የዕውቀት ጥያቄ አንድ ሳይስት ቢመልስ ገና 50 ጥያቄ ይቀረዋል። ታሪክ በዲግሪ ተመርቀው ደጋግመው የወደቁ፣ ዲግሪያቸው በሌላ ትምህርት ሆኖ በመጀመሪያው ያለፉ መኖራቸው ሊያስደንቀን አይገባም።

የማስተማር ጥያቄ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት ራሳችን አንድ እናዘጋጅ። «አንዲት መምህርት ለ6ኛ ክፍል ስለ መንደር ምክር ቤት ልታስተምር ነው። የቱ ይሻላል? (ሀ) ትርጉሙን በሰሌዳ ጽፎ ማስገልበጥ፣ (ለ) የምክር ቤቱን ሥልጣን በቃል ማስጠናት፣ (ሐ) ተማሪዎቹ የመንደሩን ምክር ቤት አባላት ጠይቀው የሰሙትን ከመጽሐፉ ጋር እንዲያስተያዩ ማድረግ፣ (መ) ልጆቹ ትንንሽ ስለሆኑ ምዕራፉን መዝለል።» እዚህ ተቀምጦ ለሚያነበው መልሱ (ሐ) እንደሆነ ግልጽ ነው። ሃያ ዓመት በ(ሀ) ያስተማረ ሰው ግን እጁ ወደለመደው ይሄዳል። ፈተናው የሚፈትነው ያንን ልማድ ነው። ከልጅ ዕድገት ክፍል ውስጥ ፒያዤ፣ ኮልበርግና ቪጎትስኪ የተባሉት ሊቃውንት ስማቸው በዝርዝሩ ተጠቅሷል። ሆኖም ጥያቄው ብዙ ጊዜ «ማን ምን አለ» አይደለም፤ «ይህ ልጅ እንዲህ ሲያደርግ መምህሩ ምን ያድርግ» የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ለእናቶች የቀለለ ነው። ልጅ ያሳደገ ሰው የአንድ ዓመት ትምህርት በነፃ አለው።

«ከማን ሰማህ?»

በኅብረተሰብ ሳይንሱ የማስተማር ክፍል ውስጥ አንድ ርእስ አለ፤ የመጀመሪያ ደረጃና የሁለተኛ ደረጃ ምንጮች የሚል። በዘመኑ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ሳንቲም፣ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ፣ የንጉሥ ፊርማን የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሰው እነዚህን አይቶ የጻፈው መጽሐፍ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ብዙ ተፈታኞች ይህን እንደ አዲስ ነገር ይሸመድዱታል።

በመድረሳ የተቀመጠ ሰው ግን ይህን ከልጅነቱ ያውቀዋል። የሐዲስ ዑለሞች አንድን ቃል ከመቀበላቸው በፊት ሰነዱን ይመረምሩ ነበር፤ ያስተላለፈው ማን ነው፣ ሰማሁ ካለው ሰው ጋር በዕድሜና በቦታ ተገናኝተዋል ወይ፣ የማስታወስ ችሎታው እንዴት ነበር፣ እውነተኛ ነበር ወይ ይሉ ነበር። ከሰነዱ ሌላ የቃሉን ይዘት፣ መትኑን ይመዝኑ ነበር። እርግጥ የታሪክ ጥናትና የሐዲስ ጥናት አንድ አይደሉም፤ ሆኖም «ከማን ሰማህ?» ብሎ የመጠየቁ ልማድ አንድ ነው። ሙስሊም መምህር ይህን ሀብት ይዞ ሳለ ታሪክን እንደ ተረት ቢያስተምር ያሳፍራል።

የ1857ቱን አመፅ እንውሰድ። እንግሊዞች የወታደሮች ክዳት ብለው ጻፉት፤ ሕንዳውያን በኋላ የመጀመሪያው የነፃነት ጦርነት አሉት። የመጨረሻው የሙጋል ንጉሥ ባሃዱር ሻህ ዘፈር ወደ ራንጉን ተግዞ በ1862 እዚያው ሞተ። ዓመቱን የሚያውቅ አንድ ጥያቄ ይመልሳል። ሁለቱን ስያሜ አስተያይቶ «ማን ጻፈው? ለምን እንዲህ ብሎ ጠራው?» ብሎ ልጆችን ማነጋገር የሚችል ግን የዕውቀቱንም የማስተማሩንም ጥያቄ ይመልሳል።

እዚህ ላይ ለሙስሊም ተፈታኞች አንድ ነሲሓ አለን። ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው የፈተናው ዝርዝር ውስጥ «የደልሂ ሱልጣኖች» የሚል ርእስ በስም አለ። ከ1206 እስከ 1526 የዘለቀ ዘመን ነው። ከዚያ ሙጋሎች ይከተላሉ። ይህን ክፍል «የኛ ነው፣ አውቀዋለሁ» ብሎ የሚያልፍ ብዙ ነው። ከአያት የተሰማ ወሬና የተመረመረ ታሪክ ግን ይለያያሉ። ሱልጣን ሁሉ ወሊይ አልነበረም፤ ሱልጣን ሁሉ ጨካኝም አልነበረም። መምህር ክፍል ውስጥ ሲቆም የሂንዱም የሙስሊምም ልጅ ፊቱ ተቀምጧል፤ ፍትሕ ማድረግ አማናው ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱም እየተለወጡ ነው። በ2025 የወጣው የ7ኛ ክፍል አዲስ መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል የሱልጣኖቹንና የሙጋሎቹን ምዕራፎች አልያዘም፤ በዚያው ዓመት በወጣው የ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ ግን ተነሥተዋል፤ አጻጻፉም ብዙ አከራክሯል። ስለዚህ ተፈታኙ አሮጌዎቹን መጻሕፍት ሳይጥል አዲሶቹንም ቢያነብ ይበጀዋል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ደግሞ በዚህ የታሪክ ክፍል ውስጥ የሚያስደስት ነገር አለ። ከ1236 እስከ 1240 በደልሂ የነገሠችው ሱልጣና ረዚያ ከባለሟሎቿ አንዱ ጀማሉዲን ያቁት የተባለ ሐበሻ ነበር። በአሕመዳባድ ከተማ በ1573 ገደማ የተሠራውን፣ ድንጋዩ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ መስኮት ያለውን መስጊድ ያሠራው ሲዲ ሰዒድ ሐበሻ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው መሊክ ዐንበር ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ከሀገራችን ተወልዶ፣ በባርነት ተሽጦ፣ በዐረብ ምድር በኩል ደካን ደረሰ። ከዚያም የአሕመድናገር መንግሥት እንደራሴና የጦር አዛዥ ሆኖ እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስ ሙጋሎችን ሲመክት ኖረ። በ1610 የቆረቆራት ኺርኪ በኋላ አውራንጋባድ ተባለች፤ ውኃ ከመሬት በታች በቦይ እንዲገባላትም አድርጓል። እነዚህ ስሞች በፈተናው ወረቀት ላይ ይምጡም አይምጡ፣ «ከሩቅ ሀገራት ጋር የነበረ ግንኙነት» የሚለውን ርእስ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ሶሐቦች ተሰደው ወደ ሐበሻ መምጣታቸውን የሚያውቅ ልጅ፣ ሐበሾች ደግሞ ባሕር ተሻግረው የት እንደደረሱ ሲሰማ ጆሮው ይቆማል።

የሶላት ሰዓት ሰሌዳና ጂኦግራፊ

ጂኦግራፊ ብዙዎችን የሚያስፈራቸው የኬንትሮስ ስሌት ነው። መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ ስለዚህ በሰዓት 15 ዲግሪ፣ ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ። የሕንድ ሰዓት የሚለካው ከ82 ዲግሪ ተኩል ምሥራቅ ነው። ሰማንያ ሁለት ተኩልን በ4 ብናባዛ 330 ደቂቃ፣ ማለትም 5 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሕንድ ከግሪንዊች የምትቀድመው በዚህ ነው። የሀገራችን ሰዓት የሚለካው ከ45 ዲግሪ ስለሆነ 180 ደቂቃ፣ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ከሕንድ ያለን ልዩነት 2 ሰዓት ተኩል የሆነው ለዚህ ነው።

ይህን ለልጅ ለማስረዳት ሉል መግዛት አያስፈልግም፤ በየሙስሊሙ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የሶላት ሰዓት ሰሌዳ ይበቃል። ሕንድ ከምዕራብ ጫፏ ከጉጅራት እስከ ምሥራቅ ጫፏ እስከ አሩናቻል 29 ዲግሪ ገደማ ትሰፋለች፤ በፀሐይ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ልዩነት ነው። የእጅ ሰዓቱ ግን በሀገሩ ሁሉ አንድ ነው። የምሥራቁ ሰው መግሪብ ሰግዶ እራቱን ሲበላ የምዕራቡ ሰው ገና ፀሐይ ያያል፤ በረመዳን ደግሞ ገና ጾመኛ ነው። የሁለት ከተሞችን የኢፍጧር ሰዓት ጎን ለጎን አስቀምጦ «ለምን ይለያያል?» ብሎ የጠየቀ መምህር፣ ኬንትሮስን አስተማረ፤ ከልጁ ሕይወት ተነሥቶ ማስተማር የሚለውንም የፈተናውን ጥያቄ መለሰ። ተማሪዎቹ የተለያየ ሃይማኖት ያላቸው ከሆኑ የፀሐይ መውጫና መግቢያ ሰዓት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

የማኅበራዊና ፖለቲካዊ ሕይወት ክፍል እምብዛም አያስቸግርም፤ ግን በጥሞና መነበብ ይፈልጋል። ሕገ መንግሥቱ ኖቬምበር 26 ቀን 1949 ጸድቆ ጃንዋሪ 26 ቀን 1950 ሥራ ላይ ዋለ፤ የአርቃቂ ኮሚቴው ሊቀ መንበር አምቤድካር ነበር። አንቀጽ 17 ሰውን በዘሩ «አትንካኝ» ብሎ ማግለልን አጠፋ። እነዚህን ማወቅ ይገባል። ጋዜጣ የሚያነብ ቤት ለዚህ ክፍል ግማሹን ተዘጋጅቷል።

የቋንቋው ጣጣ

እስቲ አንዲት እናት እናስብ። ዕድሜዋ 48 ነው፤ በመንግሥት የኡርዱ ትምህርት ቤት 22 ዓመት ታሪክና ጂኦግራፊ አስተምራለች። የፈተናው ቋንቋ ሃያ ምርጫ አለው፤ ኡርዱም ከመካከላቸው ነው። ደስ ብሏት ኡርዱን ትመርጣለች። ወረቀቱ ሲሰጣት ግን የኅብረተሰብ ሳይንሱ ጥያቄ የተጻፈው በሕንዲና በእንግሊዝኛ ነው። ኡርዱ ምርጫው ለቋንቋው ክፍል ብቻ ነበር።

ይህች እናት ዲሞክራሲን «ጁምሁሪየት» ብላ ነው የምታስተምረው፤ ወረቀቱ «ሎክታንትር» ይላታል። ሕገ መንግሥትን «ዐኢን» ትላለች፤ ወረቀቱ «ሰምቪዳን» ይላል። ትምህርቱን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ቃሉ ግን እንግዳ ሆነባት። ስንፍና እንዳይመስላት። መፍትሔውም ቀላል፣ ጊዜ ግን የሚወስድ ነው፤ በአንድ ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አሥምሮ የኡርዱውን፣ የሕንዲውንና የእንግሊዝኛውን ቃል ጎን ለጎን መጻፍ። በቀን ዐሥር ቃል ቢጻፍ በሁለት ወር 600 ቃል ይሞላል፤ ለሦስቱ መጻሕፍት ከበቂ በላይ ነው። በሀገራችን ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛ ወይም ከሶማልኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገሩ ለሚቸገሩ ተማሪዎችም ይህ ደብተር ይሠራል።

ነገሩ የአንድ ሰው ችግር ብቻ አይደለም። በ2001 የሕዝብ ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችለው የሕንድ ሙስሊም 59 ከመቶ ገደማ ሲሆን፣ የሀገሪቱ አማካይ 65 ከመቶ ገደማ ነበር፤ በ2006 የቀረበው የሳቻር ኮሚቴ ሪፖርት ይህን አጉልቶ አሳይቷል። በነፃይቱ ሕንድ የመጀመሪያው የትምህርት ሚኒስትር መውላና አቡል ከላም አዛድ፣ በ1888 መካ የተወለዱና በቤት ውስጥ በባህላዊው መንገድ የተማሩ ዓሊም መሆናቸውን ስናስብ፣ ኡማው ከመምህርነት ወንበር እየራቀ መሄዱ ያሳዝናል። አንድ የኡርዱ መምህርት ስትሰናበት ቦታዋ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁልጊዜ አይገኝም።

ቤቱ ምን ያድርግ?

ይህች እናት ከትምህርት ቤት ተመልሳ እራት ትሠራለች፤ ልጆች ታስጠናለች፤ አማቷን ትንከባከባለች። «አጥኚ» ማለት ብቻ ምን ይጠቅማታል? ባልየው ቢያንስ የምሽቱን አንድ ሰዓት ተኩል ይውሰድላት፤ ልጆቹን እሱ ያስተኛ። ትልቋ ልጅ ጥያቄ እያነበበች እናቷን ትፈትናት፤ ልጆች እናታቸውን መፈተን ይወዳሉ፤ ማረምማ የበለጠ ይወዳሉ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ያለው ጸጥታ ለንባብ የተመቸ ነው። ረመዳን በመካከል ከገባ ማታ ከተራዊሕ በኋላ ራስን ከማድከም የጠዋቱን ማስረዘም ይሻላል ብለን እናምናለን።

አጀማመሩ ከመጽሐፍ አይሁን፤ ካለፉት ዓመታት የፈተና ወረቀት ይሁን። ፈተናውን የሚሰጠው ቦርድ አሮጌ ወረቀቶችን በነፃ ያወጣል። አንዱን ወስዶ፣ ሰዓት ይዞ፣ በመጀመሪያው ቀን ሳይዘጋጁ መሥራት። ከዚያ ስሕተቶቹን መለየት ነው፤ ሳላውቀው የሳትኩት፣ ቃሉ ስላልገባኝ የሳትኩት፣ አውቄው የማስተማሩን ነገር ስላላሰብኩ የሳትኩት። የትኛው ክምር እንደሚበልጥ ሲታይ ጊዜው ወዴት መዋል እንዳለበት ይታወቃል። በየከተማው የአሠልጣኝ ቤቶች አሉ፤ ብዙ ገንዘብ ያስከፍላሉ። አንዳንዱ ይጠቅማል። «የሚመጣው ጥያቄ ይኸው» ብሎ የሚሸጥ ግን ወይ ሌባ ነው ወይ ዋሾ ነው። በኡታር ፕራዴሽ ግዛት በኖቬምበር 2021 የመምህራን ፈተና በዕለቱ ጥያቄው አስቀድሞ ወጥቶ በመገኘቱ ተሰረዘ፤ ተፈታኞቹም እስከ ጃንዋሪ 2022 ቆይተው እንደገና ተፈተኑ። በሐራም ወረቀት ወደ ክፍል የገባ መምህር ለልጆች ስለ ሐቅ ምን ብሎ ሊያስተምር ይሆን?

የፈተናው ዕለት

በዕለቱ መግቢያ ወረቀትና መታወቂያ መያዝ፣ በጊዜ መድረስ፣ ክቡን በእስክሪብቶ በጥንቃቄ ማጥቆር። የጥያቄውን ቁጥርና የመልሱን ቁጥር ማስተያየት ቀላል ይመስላል፤ በአንድ መሥመር የተዛነፈ ሰው ግን አውቆ ይወድቃል። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ነው ያለው፤ ያስቸገረውን ትቶ ማለፍ፣ በመጨረሻ መመለስ። ለስሕተት ነጥብ ስለማይቀነስ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም። «በግምት መመለስ ቁማር አይሆንም ወይ?» ብለው የሚጨነቁ አሉ፤ ከአራቱ ሁለቱ ስሕተት መሆናቸውን አውቆ ከቀሩት አንዱን መምረጥ ማሰብ እንጂ ቁማር አይመስለንም።

ሁለቱንም ወረቀት የሚፈተን ሰው አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ከሰዓት ይወስዳል። በመካከሉ ያለው ጊዜ ለዙህር ሶላትና ለምሳ ይበቃል፤ በአቅራቢያው መስጊድ መኖሩን ከአንድ ቀን በፊት ማየት ይጠቅማል።

ፈተናውን ማለፍ ሥራ መቀጠር ማለት አይደለም፤ ለመቀጠር ብቁ መሆን ነው። ሰርተፍኬቱ ቀድሞ የሚያገለግለው ሰባት ዓመት ብቻ ነበር። በ2021 ግን ዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ተወሰነ፤ ውሳኔውም ከ2011 ጀምሮ ላለፉት ሁሉ ይሠራል። ያኔ አልፈው፣ ልጅ በማሳደግ ሥራ ሳይዙ ቀርተው፣ «ጊዜው አልፎበታል» ብለው ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ የከተቱ እህቶች ዳግመኛ መፈተን አያስፈልጋቸውም።

ወላሁ አዕለም።